የጎደለው ቅጠል

ሰኞ፥ ሊነጋ ሲል፥ ጂንግዴጄን ከተማ፥
«የጣዕረ ሞት ገበያ» ይቆማል በጨለማ።
ሻጭ ፊቱ አይለይም፥ ገዢም አይታወቅ፥
የእጅ ባትሪ ብቻ ዕቃ ላይ ሲያብረቀርቅ።

የፋንግ ሩይዩን ሱቅ ከጥጉ ነው ያለው፥
ሦስት ዱካ በርጩማ፥ አንድ መብራት አለው።
እኔ ረዳቷ ነኝ፥ ውሃ ቀጂ፥ ጠራጊ፥
ስባሪ ለቃሚ፥ ካፏ ቃል ፈላጊ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማረችኝ ይህ ነው፦
«ዓይንህን አትመን፤ እጅህን ጠይቀው።»

ከፖያንግ ሐይቅ ዳር አንድ ወጣት መጣ፥
ካቀፈው ብርድ ልብስ ጎድጓዳ ሳህን አወጣ፤
በነጭ ገላው ዙሪያ ሰማያዊ ቅርንጫፍ፥
የፕሪም አበባ ከታች እስከ አፋፍ።
«የቅድመ አያቴ ነው፥ ሳጥን ውስጥ የኖረ፤
እኅቴ...» ብሎ ተወው፥ ወለሉን ቆጠረ።

ሩይዩን አልቸኮለች፤ እጇን አሟሟቀች፥
እንደ ሕመምተኛ ሆድ በጣት ጠየቀች።
ገልብጣ እግሩን አየች፥ ልባጥ ያልነካውን፥
ጭቃው ከእሳት ጋራ የተማማለውን።
በጥፍሯ መታ አርጋ ጆሮዋን አስጠጋች፥
ድምፁ እስኪሞት ድረስ ትንፋሿን ዘጋች።
በአጉሊ መነፅር፥ ከሚያበራው ቆዳ ሥር
ታስሮ የቀረ አየር፥ አረፋ ስትቆጥር፥
ኮባልቱ የት ጠቆረ? የትጋ ሰመጠ?
ጭረቱ የዘመን ነው? ወይስ በአሸዋ ተላጠ?
ከሥሩ ማኅተም አለ፥ ስድስት ፊደላት፥
የንጉሡ ዘመን የተጻፈበት።
እሷን አሳቀቃት የፊደሉ ውበት።

«አየህ?» አለች ለእኔ፥
«የጥንቱ ጸሐፊ በቀን ሁለት መቶ ሳህን ይጽፋል፤
ይርበዋል፥ ይደክመዋል፥
ብሩሹ ይንሸራተታል፥ ነጥብ ይዘላል።
እውነት የሆነ ሰው ምን አስጨነቀው?
ሐሰተኛ ነው እንጂ የሚጠነቀቀው።»

ወጣቱ ሰማት። ጆሮው ደም መሰለ።
«ሐሰት ነው?»
«ሐሰት ነው። ቢበዛ የስድሳ ዓመት ዕድሜ አለው።»
«ዋጋውስ?»
«የሾርባ ሳህን ዋጋ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ነው እጇ ቀጥ ያለው።
ከጠርዙ በታች፥ አንዲት አበባ ላይ
አውራ ጣቷን አሳረፈች፥
አነሳች፥ መልሳ አሳረፈች።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
አምስተኛው ቅጠል የለም።

ምንም አላለችም። ሳህኑን ጠቀለለች፥
ቋጠሮውን አጥብቃ ለልጁ መለሰች።
«መንገድ ላይ እንዳይሰበር።»
ሄደ።

ሻይዋ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ዕቃ አላየች።
ቀትር ላይ ነገረችኝ፥ ፊቷን አዙራ እንዳለች፦
«አባቴ ሠዓሊ ነው። በዚያ በክፉ ቀን
ለደላላ ይሥላል የጥንቱን ሳህን፤
አንዱን በሩዝ ቁና፥ አንዱን በእንቁላል።
ብቻ ካበቡት መሐል አንዲቱን ያጎድላል፥
አራት ቅጠል ሰጥቶ አምስተኛውን ይተዋል።
‹ውሸቴን እስከ ጫፍ አልሄድበትም› ይላል፤
‹ዓይን ያለው ይቁጠር።› ማንም አልቆጠረም።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ ቀለም እበጠብጣለሁ፤
እኔ ብቻ ቆጥሬ፥ እኔ ዝም ብያለሁ።»

ከሩዝ ጣሳው ሥር፥ በጨርቅ የታሰረ፥
ለቀብሯ ያኖረችው ገንዘብ ነበረ።
እጄ ላይ አስቀመጠችው፥ ሁሉንም።
«ሩጥ። ዋጋው ይህ ነው በለው።»
«የሾርባ ሳህኑ?» አልኳት።
«ሩጥ!»

ሮጥኩ፥ በድልድዩ፥ በምድጃዎቹ ጭስ ሥር፥
ስባሪ በተነጠፈው ቀጭን መንገድ ዳር።
መናኸሪያ ስደርስ የፖያንጉ አውቶቡስ
አቧራውን ትቶልኝ ሄዷል።
ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ተመለስኩ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።
እጇን አሟሟቀች። ቆጠረችው፥
እንደ ልማዷ፥ ሁለት ጊዜ።
«ልክ ነው» አለች፥
«አንድም አልጎደለም።»